ከንጋት በፊት መሮጥ እንቅልፌን እየቀማኝ ይሆን?

ባለፉት ሳምንታት ለዚህ የጤና ዓምድ ከሐዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ የተላኩት በዕድሜም በሥራም ከማይገናኙ ሰዎች ቢሆንም፣ የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ሆኖ ስላገኘነው አብረን ልናስተናግዳቸው ወስነናል። ጉዳዩ የማለዳ ሩጫና እንቅልፍ ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ያነሡት ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል፤ ለሌሎቹ የተሰጠው መልስም በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። የጠያቂዎቹን ስም በጠየቁን መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ሲሆን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ወር በፊት ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ከእሑድ በቀር በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር ሶምሶማ መሮጥ ጀመርን። ደወሌ የሚጮኸው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ክብደቴ ቀንሷል፤ ደረጃ ስወጣም እንደ ድሮው ትንፋሽ አያጥረኝም። ነገር ግን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ዐይኔ ይከደናል። ማታ የቤቱን ሥራ ጨርሼ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ጋደም ስል ወዲያው እንቅልፍ ስለሚወስደኝ እንቅልፌ ደኅና ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሆኖም 9 ሰዓት ላይ ደወሉ ያመለጠኝ እየመሰለኝ እባንንና ስልኬን ዐያለሁ። እሑድ እስከ 3 ሰዓት እተኛለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ሰኞ የምነሣው ደክሞኝ ነው። ሩጫ እንቅልፍ ያሳምራል ሲባል ነበር የምሰማው። ባለቤቴ «ተዪው» ይለኛል። ልተወው?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ሩጫውን አይተዉት፤ ሰዓቱን ግን ይለውጡት። ለምን እንደዚህ እንደምል ሒሳቡን አብረን ሠርተን እንየው። ከ5 ሰዓት ከሩብ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ 9 ሰዓት ላይ ባንነው ነቅተው የሚቆዩበት ሲቀነስለት እንቅልፍዎ 5 ሰዓት ቢሞላ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የጋራ ስምምነት አንድ ጎልማሳ በየሌሊቱ 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እንዲተኛ ይመክራል። በየሌሊቱ 2 ሰዓት ሲጎድልብዎት በስድስት የሩጫ ቀናት ውስጥ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ በእጅጉ ይበልጣል። እሑድ እስከ 3 ሰዓት የሚያስተኛዎትና ከምሳ በኋላ ዐይንዎን የሚከድነው ይህ ዕዳ ነው።

ጋደም እንዳሉ ወዲያው እንቅልፍ መውሰዱን እንደ በጎ ምልክት ማየትዎ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከሚሮጡ ሰዎች ሁሉ የምሰማው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በቂ እንቅልፍ የሚያገኝ ሰው ጋደም ካለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚተኛው። ትራሱን ገና ሳይነካ የሚወስደው ሰው እንቅልፍ የተራበ ነው፤ የተራበ ሰው ፈጥኖ መብላቱ የምግቡን መልካምነት እንደማያሳይ ሁሉ፣ ይህም የእንቅልፉን መልካምነት አያሳይም።

ሩጫ እንቅልፍ ያሳምራል የተባሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚያሳምር ካልታወቀ ከሩጫው የማይገኝ ነገር ይጠበቅበታል። በዙሪክ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ቦርቤይ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበውና እስከ ዛሬም ብዙዎች በሚመሩበት አስተሳሰብ መሠረት፣ የምንተኛበትንና የምንነቃበትን ጊዜ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን መጠን እየከበደ የሚሄድ የእንቅልፍ ጫና ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ሁለተኛው፣ የሁለቱ ዐይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ በአንጎል ውስጥ የሚገኘውና በብርሃን የሚቃኘው የሰውነት ሰዓት ነው። ሩጫ የመጀመሪያውን ያግዛል፤ ቀን የሮጠ ሰው ማታ ጫናው ስለሚከብድበት ቶሎ ይተኛል፣ ጥልቅ እንቅልፉም ትንሽ ይጨምራል። ከሌሊቱ ላይ የተቆረጠን ሁለት ሰዓት ግን ሩጫ አይመልሰውም። እንዲያውም የሠራ ጡንቻ የሚጠገነው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ የሚሮጥ ሰው ከማይሮጠው ይልቅ እንቅልፍ ያስፈልገዋል እንጂ አያንሰውም።

የተቆረጠው የሌሊቱ ክፍል የትኛው እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እንቅልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አይደለም። በአማካይ 90 ደቂቃ ገደማ በሚወስድ ዙር እየተመላለሰ ይሄዳል፤ ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ይበዛል፣ ዐይን ከቆብ በታች እየተንቀሳቀሰ ሕልም የሚበዛበት ክፍል ደግሞ ወደ ንጋት እየረዘመ ይመጣል። ይህን የሕልም እንቅልፍ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር፤ ስሜትን ከማረጋጋትና የተማሩትን ከማጽናት ጋር የተያያዘ መሆኑም ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተጠንቷል። እርስዎ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሲነሡ በብዛት የሚያጡት ይህንኑ የንጋቱን ድርሻ ነው። ስለዚህ ከልጆችዎ ጋር ትዕግሥት አንሶኛል ወይም በቁጥሮች ላይ ስሕተት በዝቶብኛል የሚሉ ከሆነ፣ ጠባይዎን ከመውቀስዎ በፊት ሌሊቱን ይቁጠሩ።

እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ ክረምት 10 ሰዓት ተኩል ላይ እየተነሣሁ በየቀኑ ስሮጥ ነበር። ጉልበቴ ሲጨምር በራሴ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የማነጋግራቸው ሕሙማን የነገሩኝን ሁለተኛ እንዲደግሙልኝ መጠየቅ ጀመርኩ። በዚያ ክረምት ያቆምኩት ሩጫውን ሳይሆን በ5 ሰዓት መተኛትን ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጆሮዬ ተመለሰልኝ። ስለዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምጽፈው ከዚያ በመነሣት ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ፤ በእርስዎ ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የሰውነት ሰዓት በማለዳ ብርሃን ሲቃኝ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ብዙ የማትርቅ ከተማ በመሆኗ ፀሐይ በየትኛውም ወር የምትወጣው ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከ1 ሰዓት በፊት ነው። እርስዎ 11 ሰዓት ላይ ጀምረው 12 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤት ከተመለሱ፣ ሩጫውን የጨረሱት በጨለማ ነው፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቢሮ ይገባሉ። በቢሮ ውስጥ ያለ የመብራት ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አያልፍም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደጅ ላይ ያለው ብርሃን ግን ደመና ቢሆን እንኳ ብዙ ሺሕ ሉክስ ይደርሳል። እንግዲህ የሩጫውን ድካም ከፍለው፣ ለእንቅልፍዎ ዋነኛ የነበረውን ብርሃን ሳይቀበሉ ይመለሳሉ ማለት ነው። በጨለማው ሰዓት የሰውነት ሙቀትም ገና ዝቅተኛው አካባቢ ላይ ስለሚሆን ጡንቻና መገጣጠሚያ ይተሳሰራሉ፤ ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚሰማው ድብዝዝታም እስኪለቅ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚያ ሰዓት የግድ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱን በማሟሟቅ ላይ ከቀን ሯጭ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ማጥፋት አለበት።

የምመክርዎ ይህን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን መሮጥዎን ወደ ሦስት ያውርዱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለጎልማሶች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው። ትንፋሽ ከፍ የሚያደርግ የ25 ደቂቃ ሩጫ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከሮጡ 75 ደቂቃው ሞላ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ወገግ ሲል ይጀምሩ፤ ከፍቅር ሐይቅ ተነሥተው በሐይቁ ዳር ሄደው ሲመለሱ ፀሐይ ከከተማው በስተኋላ ወጥታ ታገኝዎታለች። ለዚህ 11 ሰዓት ከ45 ላይ መነሣት ይበቃል። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከተኙ 7 ሰዓት ከሩብ ያገኛሉ። ከ5 ሰዓት ከሩብ ወደ 4 ሰዓት ተኩል በአንድ ሌሊት መዝለል ግን አይሞክሩ፤ እንቅልፉ አይመጣም፤ ከዚያም ተስፋ ይቆርጣሉ። በየሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ይቀንሱ፤ በዘጠኝ ቀን ይደርሱበታል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል እንደሆነ፣ ማታ ግን ዕቃ አጥቦ፣ የነገውን የልጆች ምሳ ዕቃ አዘጋጅቶ፣ ዩኒፎርም ተኩሶ የሚያድር ሰው ከቤቱ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ባለቤትዎ «ተዪው» ያሉት ለእርስዎ አስበው ይመስለኛል፤ ሐሳባቸውን በሌላ መንገድ እንዲገልጹት ይጠይቋቸው። በሳምንት ሁለት ማለዳ የልጆቹን ቁርስ ቢይዙልዎና ማታ ከሥራው አንዱን ቢወስዱልዎ የጎደለው 45 ደቂቃ ይገኛል። ጎረቤቶችዎ ከ11 ሰዓት ፈቀቅ አንልም ካሉና ብቻዎን መሮጥ የማይፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሌላው መንገድ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት ነው። የሚቻልዎት ከሆነ በእሱም አልቃወምም፤ ሁለቱን ጫፍ በአንድ ላይ መያዝ ግን አይቻልም።

እሑድ ከተለመደው የመነሻ ሰዓትዎ ከአንድ ሰዓት በላይ አይዘግዩ። እስከ 3 ሰዓት ሲተኙ የሰውነትዎ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚጎተት እሑድ ማታ እንቅልፍ ይርቃል፤ የሰኞው ድካም አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ጎደለኝ ካሉ ከ9 ሰዓት በፊት የ20 ደቂቃ ሸለብታ ይሻላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መባነኑን በተመለከተ፣ በእንቅልፍ ዙሮች መካከል ለአፍታ መንቃት የጤነኛ ሰውም ነገር ነው፤ የሚያቆየው ስልኩን አንሥቶ ስንት ሰዓት እንደቀረ ማስላቱ ነው። ስልክዎን ከመኝታ ክፍል ያስወጡና ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጡ።

ስለ ቡና በደብዳቤዎ አልጻፉም፤ ሆኖም 8 ሰዓት ላይ ዐይኑ የሚከደን የቢሮ ሠራተኛ በእኛ አገር ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ ዝም ብዬ አላልፈውም። ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ እንቅልፍ የመጣ አይመስለንም፤ ጫናው ግን ከበስተጀርባ መጠራቀሙን አያቆምም። በአብዛኛው ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የተወሰደው ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይም ግማሹ በደም ውስጥ አለ፤ በማግስቱ ያው ድካም ያንኑ ቡና ይጠራል። ቡና ማፍላት ጎረቤት የሚገናኝበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ነገር በመሆኑ ተዉት ለማለት ልቤ አይፈቅድም። የምለምንዎት ሰዓቱን ወደ ረፋድ ወይም ወደ ምሳ ሰዓት እንዲያመጡትና ከ8 ሰዓት በኋላ እንዳይጠጡ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው፣ 7 ሰዓት እየተኙ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ድካሙ ካልለቀቀዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና ደምዎን ይመርመሩ። የወር አበባ በምታይና በምትሮጥ ሴት የብረት ማዕድን እጥረት በቀላሉ ሊደርስ የሚችል ነው፤ ማታ ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ እግርዎን ካላንቀሳቀሱ የማያስችል፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ስሜት ካለም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛልና። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ምርመራም ቢጨመር መልካም ነው። ባለቤትዎ በእንቅልፍዎ ውስጥ በኃይል እንደሚያንኮራፉና ትንፋሽዎ ቆም ቆም እንደሚል ካስተዋሉም አይዘግዩ።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። አንዱን ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ቀጣዩን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እገባለሁ። ጓደኞቼ በሁለቱም ሳምንት ንጋት 11 ሰዓት ላይ ታቦር ተራራ ሥር እንድገኝ ይፈልጋሉ፤ ካልመጣሁ ሰነፍ ይሉኛል። ማታ መሮጥ ደግሞ እንቅልፍ ያጠፋል ይባላል። በሥራ ላይ እንዳልተኛ ጫት የሚቅሙም አሉ፤ እኔንም ይጋብዙኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የማታ ፈረቃ በምትገባበት ሳምንት 11 ሰዓት ላይ ለመሮጥ መነሣትህን በፍጹም አልደግፍም። ከሥራ 4 ሰዓት ወጥተህ፣ እራት በልተህ፣ የምትተኛው 6 ሰዓት ገደማ እንደሆነ እገምታለሁ፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሣ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ተኝተህ ማሽን ፊት ልትቆም ነው። ጣትህንና እጅህን አስብ። በዚያ ሳምንት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ተኛ፤ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ሸፍነው፤ ከዚያ 3 ሰዓት ላይ ውጣና ሩጥ። ፀሐዩ ከጠነከረብህ ኮፍያ አድርግ፣ ውኃ ያዝ።

የጠዋት ፈረቃ በምትገባበት ሳምንት ደግሞ ቀድሞውንም 11 ሰዓት ላይ መነሣትህ ስለማይቀር፣ የሩጫህ ሰዓት ከቀኑ 10 እና 11 ሰዓት መካከል ይሁን፤ በዚያን ጊዜ የሰውነት ሙቀትና የጡንቻ ኃይል ከቀኑ ከፍተኛው አጠገብ ናቸው። ማታ መሮጥ እንቅልፍ ያጠፋል የሚባለው ከልክ በላይ ተጋኖ ነው። በጥናቶች ላይ ተደጋግሞ እንደታየው፣ ለአብዛኛው ሰው የምሽት እንቅስቃሴ እንቅልፍ አያበላሽም፤ ጉዳት የሚታየው ልብን በኃይል የሚያስመታ ልምምድ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሲያልቅ ነው። የአበበ ቢቂላ የሮም ማራቶንም፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሹ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን በጨለማ እንደተጠናቀቀ ለጓደኞችህ ንገራቸው፤ በምሽት የሮጠን ሰው ሰነፍ የሚል አይኖርም።

ጫቱን አትቀበል። በውስጡ ያለው ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ በፈረቃህ ላይ ያነቃህ መስሎህ የምትተኛበትን ሰዓት ይበላብሃል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ ከሩጫ ጋር አይስማማም።

ጥያቄ፦ የ67 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ዐይኔ ፈጦ ይቀራል። አልጋ ላይ ከመገላበጥ ብዬ 10 ሰዓት ላይ ወጥቼ በሐይቁ ዳር እስከ ንጋት በእርምጃና በሶምሶማ እቆያለሁ። ንጋቱንም እዚያው አያለሁ። ወዳጆቼ ያደንቁኛል፤ እኔ ግን እንቅልፌ ከዓመት ዓመት እያጠረ የመጣ ይመስለኛል። ሩጫው አልጠቀመኝምን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሩጫው ለልብዎም ለአጥንትዎም ጠቅሞዎታል። ነገር ግን ማታ 2 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ሌሊት 9 ሰዓት የሚነቃ ሰው 6 ሰዓት ተኩል ተኝቷል፤ ለእርስዎ ዕድሜ ይህ ከሚመከረው ከ7 እስከ 8 ሰዓት እጅግ የራቀ አይደለም። እንቅልፍዎ ካጠረው በላይ ወደ ፊት ሸሽቷል። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ሰዓት ቀደም ማለቱ የታወቀ ነው፤ የማለዳ ብርሃን ደግሞ ይበልጥ ወደ ፊት ይስበዋል። ለወጣቶች አጥብቄ የምመክረው የንጋት ብርሃን ለእርስዎ የማይስማማው ለዚህ ነው፤ በየቀኑ ንጋትን ደጅ ላይ ሆነው በተቀበሉ ቁጥር ሰዓትዎን ቀድሞ እንዲነቃ እያስተማሩት ነው።

ስለዚህ እግርዎን ወደ አመሻሹ ያዙሩት። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ሐይቁ ይውረዱ፤ ሐይቁ ከከተማችን በስተምዕራብ በመሆኑ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከፊት ለፊትዎ ናት፤ የውኃውም ነጸብራቅ ይጨመርበታል። የምሽት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል። ከእራት በኋላ ቶሎ እንዳይጥልዎት ከቤተሰብ ጋር ይጨዋወቱ፤ የመኝታ ሰዓትዎንም ቀስ በቀስ ወደ 4 ሰዓት ያድርሱት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢነቁ መብራት ሳያበሩ ጋደም ብለው ይቆዩ፤ ጸሎት የሚያደርሱ ከሆነ በደብዛዛ ብርሃን ያድርሱ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬዎች እንዳሉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ከውኃ የሚወጣው በሌሊት ሲሆን፣ ሲነጋጋ ወደ ውኃው ሲመለስ በመካከል የተገኘ ሰው ትልቅ አደጋ ላይ ነው። 10 ሰዓት ላይ በጨለማ ብቻዎን በዳርቻው መሄድዎን ለዚህም ሲሉ ይተዉት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ሌሊት ለሽንት የሚያስነሣዎት ካለ፣ የሚወስዱበትን ሰዓት ስለመለወጥ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በራስዎ ግን አይለውጡት።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ በአንድ የአትሌቲክስ ፕሮጀክት ታቅፏል። በሳምንት አምስት ቀን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ ወደ ልምምድ ይሄዳል፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ማታ አጥንቶ የሚተኛው 4 ሰዓት ላይ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ ይተኛል አለኝ። ልጁ «ታላላቆቹም እንዲህ ነው የሠሩት» ይለኛል። ተስፋውን መስበር አልፈልግም።

መልስ፦ እናቴ፣ ተስፋውን ሳይሰብሩ እንቅልፉን ሊመልሱለት ይችላሉ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሲሆን የእርስዎ ልጅ የሚያገኘው 6 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተኛ ቢሉት እንቅልፉ ላይመጣለት ይችላል፤ ይህ አለመታዘዝ አይደለም። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚወጣው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ እንቅልፍ ያነሰው ታዳጊ ሯጭ ለጉዳትም የተጋለጠ ነው። ታላላቆቹ ሯጮች ደግሞ ማለዳ ሠርተው ቀን ላይ ይተኛሉ፤ ሥራቸው ሩጫ ነውና ጊዜ አላቸው። ልጅዎ ግን ከልምምድ የሚሄደው ወደ ክፍል ነው።

አሠልጣኙን ያነጋግሩ። ከአምስቱ የማለዳ ልምምዶች ሦስቱ ከትምህርት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቢደረጉ፣ የማለዳዎቹ ሁለት ደግሞ ቅዳሜና በትምህርት ቀን አንዱ ቢሆኑ፣ ልጁ በሳምንት አምስት ሌሊት 8 ሰዓት ሊተኛ ይችላል። ሲሄዱ ልጁ ራሱ የተኛበትንና የተነሣበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት የመዘገበበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ከጎኑም የዚያን ቀን የሩጫ ሰዓቱን ይጻፍ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያየ አሠልጣኝ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ በእነርሱ ያምናል።